ስለ ተለወጠው ሲጮኹ ያልተለወጠው አመለጣቸው

የሚቆጣ ተመልካች ከሚያንቀላፋ ተመልካች ይሻላል ከሚሉት ወገን ነኝ። የሚቆጣው ስለሚወድ ነው፤ የሚወደውም ከልቡ ስላየ ነው። ስለዚህ የዛሬው ክርክሬ «ተመልካቾች ለምን ተቆጡ?» የሚል አይደለም። ያን ያህል ተቆጥተው ሳለ እውነተኛ ቁጣ የሚገባውን ነገር አጠገቡ ቆመው እንዴት ሳያዩት ቀሩ? ጥያቄዬ ይህ ነው። ክሴን የማቀርበው «ባትልስታር ጋላክቲካ» በተባለው የአሜሪካ ሳይንሳዊ ልቦለድ ድራማ ተመልካቾች ላይ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድራማውን ላላዩ አንባብያን ታሪኩን በአጭሩ ላስቀምጥ። በአሥራ ሁለት ዓለማት ተበትኖ የሚኖረው የሰው ዘር «ሳይሎን» የሚባሉ ማሽኖች ድንገት ይነሡበትና ጥቂት እስኪቀር ድረስ ያልቃል። የተረፉት በመርከብ ተሳፍረው፣ ጋላክቲካ በተባለች የጦር መርከብ ታጅበው፣ በአፈ ታሪክ ብቻ የሚያውቋትን «ምድር» ፍለጋ ይሰደዳሉ። የመጀመሪያውን ድራማ የፈጠረው ግሌን ላርሰን ነው፤ ከሴፕቴምበር 1978 እስከ ኤፕሪል 1979 በኤቢሲ ጣቢያ ታይቶ ተቋረጠ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ሮናልድ ሙር ታሪኩን ከሥሩ እንደ አዲስ ጻፈው። በዲሴምበር 2003 ተጀምሮ፣ ማርች 20 ቀን 2009 ተፈጸመ።

የመጀመሪያው ጩኸት የተነሣው ገና ድራማው ሳይታይ ነው። በጥንቱ ድራማ ስታርባክ ሲጋር አጫሽ፣ ቁማርተኛ፣ ሴት አሳዳጅ የጦር አብራሪ ነበር፤ የተጫወተውም ዲርክ ቤኔዲክት ነው። በአዲሱ ድራማ ስታርባክ ሴት ሆነች፤ ኬቲ ሳክሆፍ ተጫወተቻት። ሲጋሩ አለ፣ ካርታው አለ፣ መጠጡ አለ፣ ለአለቃ አለመታዘዙም አለ፤ ጾታው ግን ተለወጠ። ይህም ለጦርነት በቂ ሆነ። የጥንቱ ድራማ ወዳጆች ልጅነታቸው የተዘረፈ ያህል ጮኹ። ቤኔዲክት ራሱም በ2004 ባሳተመው ጽሑፍ የቀድሞ ገጸ ባሕርዩ ወንድነቱን ተሰለበ ሲል አማረረ። አዲሱን አዛዥ አዳማን (ከእኛይቱ ከተማ ጋር የሚጋራው ስሙን ብቻ ነው) የተጫወተው ኤድዋርድ ጄምስ ኦልሞስ፣ በጥንቱ ድራማ አጥብቀው የሚያምኑ ሰዎች አዲሱን ባያዩት እንደሚሻል እስከ መናገር ደረሰ።

ከቅሬተኞቹ መካከል ሐዘኑን የማከብርለት አንድ ሰው አለ፤ የጥንቱ አፖሎ ሪቻርድ ሃች። የቀድሞው ታሪክ ካቆመበት እንዲቀጥል ለዓመታት ደክሟል፤ በታሪኩ ላይ ልቦለዶች ጽፏል፤ በ1999ም የማስተዋወቂያ ፊልም ሠርቶ አሳይቷል። አዲሱን መጀመሪያ ተቃወመ። ኋላ ግን ቶም ዛሬክ የተባለውን እስረኛ ዓመፀኛ ሆኖ በዚያው በተቃወመው ድራማ ውስጥ ተጫወተ። ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ሰው ቂሙን ትቶ ሥራውን በሥራነቱ ሲመዝን፣ በሳሎኑ ተቀምጦ የሚያየው ሰው ቂሙን እንደ ውርስ ርስት አጥሮ ይዞ ቀረ።

እንደገና መተረክ ስርቆት ከሆነ ሥነ ጽሑፍ በሞላ የወንበዴዎች ዋሻ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ ብርሃኑ ዘርይሁን፣ አቤ ጉበኛ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በየተራ ጽፈዋቸዋል። አራት ቴዎድሮሶች አሉን፤ አንዱ ሌላውን አልገደለውም። አንዱን ከሌላው የምናመዛዝነውም ፈረሱና ጎፈሬው እንደ ነበረ ተቀምጧል ወይ በሚል አይደለም፤ ደራሲው በዚያ ንጉሥ አንደበት ስለ ራሱ ዘመን ምን ተናገረ በሚል ነው።

የሙር ድራማም ስለ ራሱ ዘመን ይናገር ነበር። ሰሙ መርከብና ማሽን ነው፤ ወርቁ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ያለችው አሜሪካ ናት። በጥንቱ ሳይሎኖችን የሠራቸው ሌላ ፍጡር ነበር፤ በአዲሱ የሠራቸው ሰው ራሱ ነው። በጥንቱ ጠላት ብረት ለበስ ነበርና ከሩቅ ይታወቃል፤ በአዲሱ ጠላት መልኩ ከሰው አይለይም፤ አጠገብህ የተቀመጠው ጓደኛህ ሊሆን ይችላል። ፕሬዚዳንት ሮዝሊን በነጭ ሰሌዳ ላይ በሕይወት የቀረውን ሰው ቁጥር እየሰረዘች ትጽፋለች፤ ሃምሳ ሺህ ገደማ የነበረው ቀን በቀን ይቀንሳል። በኦክቶበር 2006 በተጀመረው ምዕራፍ የሰው ልጅ በሳይሎን ጦር ሥር ወድቆ እናገኘዋለን፤ አብረናቸው የተሰደድን ጀግኖቻችንም ፈንጂ ታጥቆ የሚሞት ሰው ይልካሉ፣ ከወራሪው ጋር ያበሩ የገዛ ወገኖቻቸውን ይገድላሉ። ይህ የታየው የአሜሪካ ጦር ኢራቅ ውስጥ በነበረበት ወቅት፣ ጦሩን በላከችው አገር ቴሌቪዥን ነው።

በአንደኛው ምዕራፍ ደግሞ አንድ የሳይሎን ምርኮኛ ራሱ ባልዲ ውኃ ውስጥ እየተደፈቀ ይመረመራል። መርማሪዋ ስታርባክ ናት። እንግዲህ ተመልካቹ ስለ ስታርባክ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ይኸውላችሁ፤ «ለምን ሴት ሆነች?» ሳይሆን «የምንወዳት ጀግና ለምን ታሠቃያለች? እኛስ ለምን ከእርሷ ጋር ሆነን መልሱን እንጠብቃለን?»

ጾታን አጥብቆ የቆጠረው ተመልካች ሌላም ቆጠራ ዘንግቷል። በጥንቱ ድራማ ኮሎኔል ታይን ቴሪ ካርተር፣ ቡመርን ኸርበርት ጄፈርሰን ተጫውተዋቸዋል፤ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። በአዲሱ ታይ ነጭ፣ ቡመር ደግሞ የእስያ ዝርያ ያላት ሴት ሆኑ። ለውጡን ሁሉ እናወግዛለን ከሚሉ ሰዎች አንደበት፣ ሁለት ጥቁር መኮንኖች ከጋላክቲካ ሲወርዱ የተሰማው ድምፅ ስለ ስታርባክ ከተሰማው ጩኸት አጠገብ ሹክሹክታ ነበር። ቁጣው ለጥንቱ ድራማ ታማኝ ከመሆን የመነጨ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ እንዲህ ባልተዛባ።

ሁለተኛው ታላቅ ጩኸት የመጣው በፍጻሜው ነው። ሞታ የተመለሰችው ስታርባክ በሜዳ ላይ ከሊ አዳማ ጋር እየተነጋገረች ሳለ በቅጽበት ትሰወራለች፤ ምን እንደ ነበረች የሚነግረን የለም። የታሪኩ ቋጠሮ ሁሉ በመለኮት እጅ የተፈታ መሰለ። ብዙዎች «እግዚአብሔር አደረገው ብሎ መጨረስ የደራሲ ስንፍና ነው» አሉ፤ ታዋቂው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲንም በዚሁ ምክንያት ፍጻሜውን ክፉኛ ነቀፈ።

ይህኛው ቁጣ ከፊተኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ስለ አተራረክ ነው። ነገር ግን ድራማው ከመጀመሪያዋ ሌሊት አንሥቶ ስለ እግዚአብሔር ሲናገር ነበር። ማሽኖቹ አንድ አምላክ ያመልካሉ፤ ሰዎቹ ብዙ አማልክት። ትንቢት አለ፣ ራእይ አለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እየታየች የአምላክን ፈቃድ የምትነግር ሴት አለች። ለዓመታት ደጅ ሲያንኳኳ የኖረ እንግዳ በመጨረሻ ሲገባ «ይህ ደግሞ ከየት መጣ?» ማለት የሰሚውን ጆሮ ያስወቅሳል።

አሁን ወደ ዋናው ክስ ልግባ። የ1978ቱ ድራማ ሲጀምር የሚሰማ የትረካ ድምፅ ነበር። ቃሉን ሳይሆን ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ፤ የዚህች ምድር ሕይወት ከሩቅ ሕዋ የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ የግብፃውያን፣ የቶልቴኮችና የማያዎች ቀደምት አባቶች፣ የታላላቆቹ ፒራሚዶችም አናጺዎች፣ ከዚያ የመጡ ነገዶች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል። ልብ በሉ፤ አቴናና ሮም አልተጠሩም። ፓርቴኖንን ማን ሠራው ብሎ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ የለም። ከሰማይ አናጺ ያስፈለጋት ግብፅ ናት።

ሙር የጀግናውን ጾታ ለወጠ፣ የጠላቱን አመጣጥ ለወጠ፣ የታሪኩን መንፈስ ለወጠ። ይህን ግን አልለወጠም። በመጨረሻው ክፍል ስደተኞቹ ከ150 ሺህ ዓመት በፊት በነበረችው ምድራችን፣ አፍሪካ ውስጥ ያርፋሉ። ሣር ውስጥ ተጋድመው በመነጽር ጦር የያዙ የአገሩን ሰዎች ይመለከታሉ። ምናልባት ገና ቋንቋ አላወጡም የሚል ግምት ይሰነዘራል፤ እንግዲያው እኛ እንሰጣቸዋለን የሚል መልስ ይከተላል። ከዚያ መርከቦቹን ወደ ፀሐይ ሰድደው በምድሪቱ ላይ ይበተናሉ። ከሰው አባትና ከሳይሎን እናት የተወለደችው ሕፃን ሄራም፣ አሁን ታንዛኒያ በተባለው አገር የኖረች «ሚቶኮንድሪያዊት ሔዋን» እንደ ሆነች ይነገረናል።

የዚህን ስም ትርጉም ማጤን ያስፈልጋል። ሚቶኮንድሪያ ከእናት ብቻ የሚወረስ የሴል ክፍል ነው። ዛሬ በሕይወት ያለን ሰዎች ሁሉ በእናት በእናት ወደ ኋላ ስንቆጠር የምንገናኝባትን፣ ለእኛ እጅግ ቅርብ የሆነችውን አንዲት ሴት ሳይንቲስቶች በዚህ ስም ይጠሯታል። ምርምሩ የሚያመለክተው አፍሪካዊት መሆኗን ነው። ድራማው ይህችን እናት ከአፍሪካ ወስዶ ከሰማይ ለወረደች ልጅ ሰጣት። በዚህ ታሪክ መሠረት በዚያ ሜዳ ላይ ከነበሩት ሴቶች የአንዲቷ እንኳ የእናትነት ሐረግ እኛ ዘንድ አልደረሰም፤ ያንቺም፣ የእኔም፣ የታንዛኒያዪቱም ገበሬ የእናት ሐረግ በፋብሪካ በተሠራች እናት ላይ ያበቃል። ስለ ስታርባክ ጾታ ዓመታት የተከራከረ ተመልካች የሰው ልጅ እናት ስትለወጥ ዝም አለ። ነገሩን ያነሡ ጥቂቶች ነበሩ፤ ድምፃቸው ግን በመለኮቱ ክርክር ተዋጠ።

በጁን 2003፣ ድራማው ከመታየቱ ስድስት ወር አስቀድሞ፣ ከአፋር ምድር ሄርቶ ከተባለው ስፍራ የተገኙ የራስ ቅሎች ይፋ ሆነው ነበር። ከመሪ ተመራማሪዎቹ አንዱ የአገራችን ሰው ዶክተር ብርሃነ አስፋው ናቸው። ዕድሜያቸው 160 ሺህ ዓመት ገደማ ነው፤ የተሰጣቸውም «ኢዳልቱ» የሚል የአፋርኛ ስም ታላቅ፣ በኩር ማለት ነው። በቅሎቹ ላይ የመሣሪያ ጭረት፣ በሕፃኑም ቅል ላይ በእጅ ብዛት የመጣ ልስላሴ ታይቷል፤ ተመራማሪዎቹም ለሙታን የተደረገ ሥርዓት ምልክት ሳይሆን አይቀርም አሉ። በ1967 የተገኙት የኦሞ ኪቢሽ አጥንቶች ዕድሜ ደግሞ በ2005 ወደ 195 ሺህ ዓመት ተገመተ፤ በ2022 በወጣ ጥናት ወደ 230 ሺህ ከፍ ብሏል። ስለዚህ ያን ሣር ለብሰው የቆሙት ሰዎች ባለ ታሪክ ነበሩ። ሙታናቸውን የሚያስቡ ሰዎች ቋንቋ እስኪሰጣቸው ሰማይ ሰማይ ያያሉ ብሎ የጻፈ ደራሲ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የነገሩ ምፀት ደግሞ አለ። ፍጻሜው ከመታየቱ ከሦስት ቀን በፊት፣ ማርች 17 ቀን 2009፣ የድራማው ሰዎች በተባበሩት መንግሥታት አዳራሽ ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ጦርነት ለመነጋገር ተጋብዘው ነበር። ኦልሞስ በዚያ ተነሥቶ ዘር የሚባለው ክፍፍል ሐሰት ነው፤ ያለው አንድ የሰው ዘር ብቻ ነው እያለ በታላቅ ስሜት ተናገረ። እውነቱን ነው። በሦስተኛው ቀን ግን የራሱ ድራማ ያን አንድ የሰው ዘር በሁለት መደብ አቆመው፤ ቋንቋ ሰጪና ቋንቋ ተቀባይ።

«ልቦለድ አይደለም እንዴ? ምን ይህን ያህል ያንገበግባል?» የሚል ይኖራል። ስለ ኢራቅ ሲናገር ቁም ነገር ነው ተብሎ የተሸለመ ድራማ፣ ስለ አፍሪካ ሲናገር ጨዋታ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይችልም። «ስደተኞቹ ከየቀለሙ የተውጣጡ ናቸው» የሚልም ይኖራል። ይሁን፤ ጥያቄዬ ግን በሰጪው ቀለም ላይ አይደለም፤ ተቀባዩ ባዶ እጁን መቆሙ ላይ ነው። «የእናንተስ ላሊበላ በሌሊት በመላእክት ተፈለፈለ ትሉ የለምን?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። በእኛ ትውፊት መላእክት የሚመጡት ቀን ሲደክሙ የዋሉትን ጠራቢዎች ሊያግዙ ነው፤ መዶሻውን ከእጃቸው ሊቀሙ አይደለም። መዶሻውን የሚቀማው ሌላ ዓይነት ተረት ነው፤ ታላቋን ዚምባብዌ አፍሪካውያን አልሠሯትም ሲል የኖረው የቅኝ ገዢ ተረት። የጋላክቲካ ፍጻሜ ወንድሙ ይህኛው ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ድራማውን ንቄው አይደለም። የናቁትን ሥራ እንዲህ አይከሱትም። ነገር ግን ተመልካች ሁለት ጊዜ አደባባይ ወጥቶ፣ አንዴ ለትዝታው፣ አንዴ ለሴራ አፈታቱ ተሟግቶ ተመለሰ። ነገ ሌላ የጥንት ድራማ እንደ አዲስ መሠራቱ አይቀርም፤ የጀግናው ጾታ ወይም ቀለም መለወጡም አይቀርም፤ ጩኸቱም እንደዚያው። ያኔ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ሳይለወጥ የተሻገረው ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከመካከላችን ይገኝ። በዚያ የአፍሪካ ሜዳ ላይ ጦር ይዘው የተራመዱት ሰዎች በድራማው አንዲት ቃል እንኳ አልተሰጣቸውም። ስለ ስታርባክ ሲጋር ከፈሰሰው ቀለም ጠብታው እንኳ አልደረሳቸውም።