ባሌስትራ ደርበን ፍሬን ረሳን

ጅጅጋ ውስጥ ፒክአፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጎማም ስለ ዘይትም አይደለም። ባሌስትራ ስለማስደረብ ነው! ጅላል ገብቶ የውሃ ማመላለስ ሥራ ሲደራማ ጋራዥ በር ላይ ሰልፍ ነው።

አጎቴም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነበሩ። ሂሉክሳቸው ሮቶ የተጫነበት ተሳቢ ስትጎትት ጭራዋ መሬት ሊነካ ይደርስና የፊት መብራቷ ሰማይ ሰማይ ያያል። በየጎኑ ሁለት ሁለት ባሌስትራ አስጨመሩላት። ቀጥ አለች። “አየህ ልጄ፣ ሌላ መኪና ሆነች እኮ!” አሉኝ። ሜካኒኩም “አቦ ጋሼ፣ አሁን እንደ አይሱዙ ይጫኗት” ብሎ ሸኛቸው።

እንደ አይሱዙ! የኔ ጠብ እዚህ ጋ ነው።

ባሌስትራ ጭነት ይሸከማል እንጂ አያቆምም። ፍሬኑ ያው፣ አክስሉ ያው፣ ሻንሲው ያው። ማጎንበሷ “በዛብኝ” ማለቷ ነበር፤ እኛ አፏን ዘጋንና ዳነች አልን።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላም ጉድ አለ። ኤቢኤስ በሌላቸው ብዙ ሂሉክሶች ላይ ከኋላ አክስል ተነስቶ ሻንሲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የሚገናኝ ቀጭን ዘንግ ታገኛላችሁ። መኪናዋ ተጭና ከኋላ ዝቅ ስትል ቫልቩ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሆና ከፍ ስትል ደግሞ የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ይቀንሳል። ታዲያ ባሌስትራ ደርባችሁ ከፍ ስታደርጓት ቫልቩ ምን ይላል? “ባዶ ናት!” ሁለት ቶን እየጎተተች እኮ ነው…

ሁለት ቶን ያልኩት ለማጋነን አይደለም። 2,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 2,000 ኪሎ ነው። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው ለሂሉክስ በብዙ አገር የሚፈቀደው 750 ኪሎ ነው። የእኛ ሰፈር ተሳቢዎች ስንቶቹ ፍሬን አላቸው? (ጎንበስ ብላችሁ እዩ።) ግማሽ የደረሰ ሮቶ ደግሞ ፍሬን ስትይዙ ውሃው እየተማታ ወደፊት ይገፋችኋል።

እስከ ቀብሪበያህ ያለው ሜዳ ይታገሳል። ካራማራ ግን አይታገስም። አጎቴ ተሳቢያቸውን ሽንኩርት ሞልተው ከሐረር ሲመለሱ፣ ካራማራን ወጥተው ወደ ጅጅጋ ቁልቁል ሲጀምሩ የፊት ፍሬናቸው ጨሰ። በአንደኛ ማርሽ እያጓራች ነው ሜዳው ላይ የደረሱት። ወርደው ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

“ትንሽ ጭኖ ሁለቴ መመላለስ ነዳጅ ይፈጃል፣ ውሃ የሚጠብቅ ሰውም አለ” ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እኔም አታስደርቡ አላልኩም። ግን ባሌስትራ የጨመረ ሜካኒክ ያንን ዘንግ በዚያው ያስተካክለው፤ ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ የሚያልቅ ሥራ ነው። ከባድ ለሚጎትት ደግሞ ከባሌስትራው በፊት ለተሳቢው ፍሬን ይገዛለት።

አጎቴ ዘንጉን አስተካክለዋል። የተሳቢውን ፍሬን ስጠይቃቸው ግን “ለሚመጣው ጅላል” ነው መልሳቸው።