የጎረቤት ቁጥር

ቦንጋ ላይ ኢንተርኔት ቤት የተጠቀመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስክሪኑ የአንድ ሰው አይደለም። ከጀርባ ሦስት አራት ሰው ቆሞ ያያል።

አንድ ቀን ጓደኛችን ውጤቱን ሊያይ የአንድ ተቋም (ስሙ ይቆየን) ድረ ገጽ ከፈተ። የአድራሻው መጨረሻ 1047 ይላል። ከኋላው የቆመው «እስቲ 1046 በለው!» አለ። አደረገው። የሌላ ልጅ ስም፣ ስልክና ውጤት ዝርግፍ አለ። 1045ም እንዲሁ። እሷ ለቤተሰቧ «አልፌያለሁ» ያለች የሰፈራችን ልጅ ነበረች። ሳቅን። ቆይተን ግን አፈርን፤ የእኛም ቁጥር እኮ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነው!

ይህ ጠለፋ አይደለም። ዳታቤዝ አዲስ መዝገብ በገባ ቁጥር 1፣ 2፣ 3 እያለ ይቆጥራል፤ ሠሪዎቹ ያንኑ ቁጥር እንዳለ አድራሻው ላይ ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ መቁጠር የሚችል ሁሉ ገባ ወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፈርስት አሜሪካን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 885 ሚሊዮን ያህል የቤት ግዢና የብድር ሰነዶች በዚሁ መንገድ ተጋልጠው ተገኝተዋል።

«ታዲያ ቁጥሩን ደብቁት» የሚሉ አሉ። በተራ ቁጥር ፋንታ በዘፈቀደ የወጣ ረጅም መለያ (ዩዩአይዲ የሚባለው ከነሰረዙ 36 ሆሄ ነው) ማስቀመጥ ማለት ነው። እንስማማለን። ተራ ቁጥር ሌላም ገመና ያወጣል። ከቦንጋ ቡና በኢንተርኔት የሚሸጥ ወጣት ዛሬ የላከው ደረሰኝ 107፣ ከወር በኋላ የላከው 112 ከሆነ፣ ገበያው እንዴት እንደሆነ ተፎካካሪው በጣቱ ቆጥሮ ይደርስበታል። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥርም በምዝገባ ተራ ሳይሆን በዘፈቀደ የሚወጣው ያለ ነገር አይደለም።

ግን መደበቅ ብቻውን አይበቃም። ረጅሙም አድራሻ በቴሌግራም ይላካል፤ ኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒዩተር ላይም ተመዝግቦ ይቀራል። የጥንቱ የካፋ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1897 እስኪወድቅ ድረስ፣ ድንበሩን በጥልቅ ቦይ አጥሮ መግቢያው ላይ ኬላ ጠባቂ ያቆም ነበር። ቦዩ መንገደኛን ያስቸግራል፤ «ማነህ? ማን ፈቀደልህ?» ብሎ የሚጠይቀው ግን ጠባቂው ነው። የተደበቀ ቁጥር ቦይ ነው። ገጹ በተከፈተ ቁጥር «ይህ መዝገብ የዚህ ሰው ነው ወይ?» ብሎ የሚያጣራው ኮድ ደግሞ ጠባቂው። ጠባቂ የሌለው ቦይ አንድ ቀን መሻገሪያ ይገኝለታል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ብቻ አይደለም፤ የሰው መረጃ የሰበሰበ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ድረ ገጽ የምትሠሩ ጓደኞቻችን፣ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት አድራሻው መጨረሻ ላይ ካለው ቁጥር አንድ ቀንሱና ሞክሩ። የሰው ቤት ከከፈተላችሁ ገና አልጨረሳችሁም።