የቆመ አምቡላንስ ሥራ አልፈታም

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰበታ ከተማ፣ ዓለም ገና አካባቢ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫ እንጨት ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። እኛም ይዘውት ከሄዱት ሰዎች መካከል ነበርን። ሰዓት ማየት የሙያ ልማድ ሆኖብን ስለ ነበር፣ ያን ምሽት ጊዜው የት የት እንደ ሄደ ዛሬም በቁጥር ማስቀመጥ እንችላለን። ስልክ ደውለን «አምቡላንሱ ሌላ ሕመምተኛ ይዞ አዲስ አበባ ገብቷል» እስክንባል 15 ደቂቃ፤ የሚጭነን ሚኒባስ እስክናገኝ 40 ደቂቃ፤ በመንገድ 50 ደቂቃ፤ በመጀመሪያው ሆስፒታል በር ላይ «አልጋ የለም» የሚለውን መልስ እስክንሰማ 30 ደቂቃ፤ ወደ ሁለተኛው ሆስፒታል ለመድረስ 15 ደቂቃ፤ እዚያም ካርድ ወጥቶ ሐኪም እስኪያየው 30 ደቂቃ። ድምሩ ሦስት ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ በጉዞ ያለፈው 65 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ ያለፈው በመቆም ነው። ልጁ በሕይወት ተርፏል፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ስለ ድንገተኛ ሕክምና ሲነሣ አብዛኞቻችን በቅድሚያ የምናስበው የመኪናውን ፍጥነት ነው። እስኪ ጥቂት ስሌት እንሥራ። ከሰበታ እስከ አዲስ አበባ መኻል ያለው መንገድ በግምት 25 ኪሎ ሜትር ነው። አምቡላንሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 37 ደቂቃ ተኩል ይፈጅበታል፤ ፍጥነቱን ወደ 60 ቢያሳድግ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ትርፉ 12 ደቂቃ ተኩል ነው። በአንጻሩ የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ መኪናው ቢጋጭ የሚለቀው ጉልበት 2.25 እጥፍ ይሆናል። በእኛ ምሽት ከባከኑት 115 የመቆም ደቂቃዎች ጋር ሲነጻጸር ይህ ትርፍ ጥቂት፣ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን «መኪናው ምን ያህል ይሮጣል?» ሳይሆን «ጊዜው የሚቆመው የት ነው?» መሆን ይገባዋል።

ይህን ጥያቄ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሆነን አላነሣነውም። ተዳየስና ሜን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጥናት፣ እናቶች በወሊድ ጊዜ የሚሞቱበትን መዘግየት በሦስት ከፍለውት ነበር፤ እነዚህም ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን፣ ሕክምና ቦታ በመድረስና ከደረሱ በኋላ ሕክምናውን በማግኘት ላይ የሚደርሱ መዘግየቶች ናቸው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብርቱ ደም አንዲትን እናት በሁለት ሰዓት ገደማ ሊገድላት ይችላል። ኦክስጅን የተቋረጠበት አንጎል ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። የሰው አካል የትኛው መዘግየት የማን ጥፋት እንደ ሆነ አይለይም፤ የሚቆጥረው ድምሩን ብቻ ነው።

በአገራችን የተሠራው ሥራ ጥቂት አይደለም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ907 የስልክ ቁጥሩ ለብዙዎች ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የማደንዘዣ ባለሙያው አቶ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስን መሥርተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. በድንገተኛ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት ጀምሯል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ አካል የሆነው አቤት ሆስፒታልም ለአደጋና ለቃጠሎ ጉዳት ተከፍቷል። ሰውም፣ ዕውቀትም፣ መኪናም ከበፊቱ ይሻላል። ታዲያ ወረፋው ለምን አልቀነሰም?

መልሱ በከፊል ሒሳብ ነው። አግነር ኤርላንግ የተባለ ዴንማርካዊ እ.ኤ.አ. በ1909 የኮፐንሃገንን የስልክ ጥሪዎች ሲያጠና የወረፋን ሳይንስ መሠረት ጣለ። የአምቡላንስ ጥሪም እንደ ስልክ ጥሪ፣ ወይም በፊዚክስ ክፍል እንደምናስተምረው የራዲዮአክቲቭ አተሞች መፈራረስ፣ በዘፈቀደ የሚመጣ ነው። አማካዩን ማወቅ እንችላለን፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም። ጥሪዎች በዘፈቀደ የሚመጡ፣ የምልልሶችም ርዝመት እጅግ የሚለያይ ከሆነ፣ ሕጉ እንዲህ ነው፦ አምቡላንሱ በሥራ የሚያዝበትን ጊዜ ለነፃ ጊዜው አካፍለን ውጤቱን በአንድ ምልልስ ርዝመት ብናባዛ፣ አንድ ጥሪ በአማካይ የሚጠብቀውን ጊዜ እናገኛለን።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ምልልስ በአማካይ 2 ሰዓት ይፈጃል እንበል። በየ4 ሰዓቱ አንድ ጥሪ ቢመጣ አምቡላንሱ የጊዜውን 50 በመቶ ይያዛል፤ አማካይ ጥበቃውም 2 ሰዓት ይሆናል። ጥሪው በየ2 ሰዓት ተኩሉ ቢመጣ ግን መኪናው 80 በመቶ ይያዛል፤ ጥበቃው ወደ 8 ሰዓት ያድጋል። በዚህ ላይ ሆስፒታል በር ላይ አልጋ ሲፈለግ ወይም የአምቡላንሱ ቃሬዛ እስኪለቀቅ 15 ደቂቃ ብቻ ቢጨመር፣ ምልልሱ 2 ሰዓት ከሩብ፣ የሥራው ጫና 90 በመቶ፣ ጥበቃው ደግሞ ከ20 ሰዓት በላይ ይሆናል። ለአንዱ ሕመምተኛ ሩብ ሰዓት የነበረው መዘግየት ለቀጣዮቹ ግማሽ ቀን ሆነ ማለት ነው።

«ማን ነው አምቡላንስ 20 ሰዓት የሚጠብቅ?» ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፣ ማንም አይጠብቅም። ሰው ሕመምተኛውን በባጃጅ ያሳፍራል፣ ጎረቤቱን መኪና ይለምናል፣ ወይም እቤቱ ሆኖ ይጸልያል። በዚህም ምክንያት ወረፋው በመዝገብ ላይ አይታይም። መዝገቡ የሚያሳየው ያለ ዕረፍት የሚሠራ አንድ አምቡላንስ ነው፤ ሪፖርቱን የሚያነብ ኃላፊም ይደሰታል። እኛ ግን ያለ ዕረፍት የሚሠራ አምቡላንስ የሌለ ያህል ነው እንላለን። እሳት ማጥፊያ ሥራ ፈትቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ ብሎ የሚቆጭ የለም። ነዳጅ ሞልቶ፣ ባለሙያው ውስጡ ተቀምጦ፣ ጥሪ የሚጠብቅ አምቡላንስም እንዲሁ ሥራ ላይ ነው። «ዝም ብሎ ከሚቆም» በሚል ለሌላ ጉዳይ የሚላክበት ጊዜ በሙሉ ከሕመምተኛ የተወሰደ ጊዜ ነው።

አገራችን ድሀ ናት፣ መኪናን አቁሞ ለማስጠበቅ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ልናልፈውም አይገባም። ደግነቱ ሒሳቡ ሌላ መንገድ ያሳየናል። ሦስት አምቡላንሶች ለየብቻ ተከፋፍለው እያንዳንዳቸው 80 በመቶ ሲያዙ ጥበቃው 8 ሰዓት ነበር። እነዚያው ሦስት መኪኖች በአንድ የሥምሪት ክፍል ቢታዘዙና ጥሪው ነፃ ወደ ሆነው ቢመራ፣ አማካይ ጥበቃው ወደ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይወርዳል። ጫናው 50 በመቶ ከሆነ ደግሞ 2 ሰዓት የነበረው ጥበቃ ወደ 19 ደቂቃ ያህል ዝቅ ይላል። አንድም መኪና አልተገዛም፤ የተለወጠው ትእዛዙ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን በቀጥታ ይመለከታል። ሦስቱ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃልለዋል። በካርታ ላይ ሲታዩ ግን ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። የሰበታ አምቡላንስ ሱሉልታ ለመድረስ አዲስ አበባን ማቋረጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ሦስቱን እርስ በርስ ማጣመር ብቻውን አይበቃም፤ የእያንዳንዱ የቅርብ ጎረቤት አዲስ አበባ ናት። የቡራዩ ጎረቤት አስኮ፣ የሰበታ ጎረቤት አየር ጤና፣ የሱሉልታም አዲሱ ገበያ ነው። ከባዱ ሕመምተኛም ሪፈር የሚጻፍለት ወደ ጥቁር አንበሳ፣ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ አለርት ነው። ሁለቱ አስተዳደሮች የየራሳቸው በጀትና የየራሳቸው ጤና ቢሮ አላቸው፤ ይህ በሕግ የተወሰነ ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል። የሚፈስ ደም ግን ወሰን አያውቅም። ሥምሪት በአስተዳደር ወሰን በተከፈለ ቁጥር፣ ከአጥሩ ወዲህ አንዱ መኪና ቆሞ ከአጥሩ ወዲያ አንዲት እናት ልትሞት ትችላለች።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ የሁለቱ አስተዳደሮች አምቡላንሶች በወሰን አካባቢ በጋራ የሥምሪት ክፍል ይታዘዙ፤ የነዳጁና የአበሉ ወጪ በወሩ መጨረሻ በሒሳብ ሹሞች መካከል ይወራረድ እንጂ በሕመምተኛው አልጋ አጠገብ አይከራከሩበት። ሁለተኛ፣ አልጋ መኖሩ መኪናው ከመነሣቱ በፊት በስልክ ይረጋገጥ፤ ሆስፒታሉም ሕመምተኛውን ተረክቦ አምቡላንሱን የሚያሰናብትበት ደቂቃ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ የአገልግሎቱ መለኪያ የተጓዘው ኪሎ ሜትር መሆኑ ቀርቶ ከመጀመሪያው ጥሪ እስከ ሐኪም እጅ ያለው ድምር ጊዜ ይሁን፤ መኪና ያላገኙ ጥሪዎችም ይቆጠሩ። ያልተቆጠረ ወረፋ አይታይም፤ ያልታየም አይታረምም።

ለእናንተ ለተማሪዎችም ድርሻ አለ። ከላይ ያቀረብነው ስሌት ከአንደኛ ዓመት የፕሮባቢሊቲ ትምህርት ብዙም የራቀ አይደለም። የምረቃ ሥራ ርዕስ ያጣ የስታትስቲክስ ወይም የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ በየከተማው ጥሪዎች የሚመጡባቸውን ሰዓቶች ቢሰበስብና ሁለት መኪኖች የት ቢቆሙ እንደሚሻል ቢያሰላ፣ ሥራው ከመደርደሪያ ይልቅ ለመንገድ ይጠቅማል። ሌሎቻችንም ቢሆን የሚፈስ ደም በእጅ አጥብቆ መያዝን፣ ደረትን በመጫን ልብን ማገዝን መማር እንችላለን። አምቡላንሱ እስኪመጣ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባለቤታቸው አጠገብ የቆመው ሰው ነውና።

ያን ምሽት በዓለም ገና የባከነው ጊዜ የአንድ ሰው ክፋት ውጤት አልነበረም። ስልክ ያነሣችው ሴት ትሑት ነበረች፤ የአምቡላንሱ ሾፌር በሥራ ላይ ነበር፤ በር ላይ የመለሰን ሐኪምም በእርግጥ አልጋ አልነበረውም። ሁሉም ሥራውን እየሠራ ልጁ ሦስት ሰዓት ጠበቀ። መልካም ሰዎች ባሉበት እንዲህ ከሆነ፣ መታረም ያለበት ሥራው የተያያዘበት መንገድ ነው።