ልጆቻችን ከትምህርት ቤት በር አይመለሱ
ሐጅ የሚሄድ ሁሉ የማጅራት ገትር ክትባት ይወስዳል፤ ስለዚህ «ክትባት ሐራም ነው» የሚለውን ወሬ በመድረሳችን አናስተናግድም። የምንቃወመው «ያልተከተበ ተማሪ ክፍል አይግባ» የሚለውን ሐሳብ ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤት በኮሮና ሲዘጋ፣ ቤቱ ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ ወራት ሙሉ ከትምህርት ርቆ ከረመ። አሁን ደግሞ እናቱ ፈርታ ስላላስከተበችው እሱ ይቀጣ? የፈራችን እናት የትምህርት ቤት ዘበኛ አያሳምናትም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከጁሙዓ በኋላ መስጂድ ትምጣ፤ እናቶች መሃንነት ያመጣል የተባለውንም ሳያፍሩ ይጠይቋት። ኢማሞቻችንና እኛ ኡስታዞች በጀመዓው ፊት እንከተብ። እስከዚያው ግን ማንም ልጅ ደብተሩን ይዞ ከበር አይመለስ።