አንድ ጥይት ብቻ

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ከገባች ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ዲቪ ደርሷት ነው የመጣችው፤ እዚሁ ቨርጂኒያ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ባለፈው ወር አንድ እሑድ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደሚሄዱበት ዒላማ ተኩስ እኔንም ይውሰዱኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት። በማግሥቱ እናቷ ከጎንደር ደወለች። «ልጄ ተኩስ ሸሽታ ሄዳ፣ አንተ ደግሞ ወደ ተኩስ ልትወስዳት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። እህቴ በጥይት ድምፅ እየባነነች ያደረችባቸው ሌሊቶች አሉ፤ «መዝናኛ ነው» ብላት ምን ይሰማታል? ሦስት ቀን ሳስብበት ሰነበትኩ።

ባደግሁበት ቤት የአባቴ ምንሽር ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር። ለሠርግ ይተኮሳል፣ ለለቅሶ ይተኮሳል፣ ወንድ ልጅ ሲወለድ ይተኮሳል። ያ ሁሉ ተኩስ ወደ ሰማይ ነው። ወደ ሰማይ የሄደች ጥይት የት እንደምታርፍ የተኮሰውም አያውቅም፤ ሠርገኛ መሐል ወርዳ ደስታውን ለቅሶ ያደረገችበትም ጊዜ አለ። በዒላማ ተኩስ ግን እያንዳንዷ ጥይት የት እንደምታርፍ ቃታው ሳይሳብ በፊት መታወቅ አለበት፤ ተኳሹም ለእያንዳንዷ ተጠያቂ ነው። ለእህቴ ይህንኑ ነገርኳት። ሙሉ በሙሉ አላመነችኝም። ልጅቷን ድምፁ ከከበዳት በዚያችው ደቂቃ ይዣት እንደምወጣ ቃል ስገባላት ግን «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

እንዲህ ያለ ቃል የገባሁት የራሴ የመጀመሪያ ቀን ትዝ ስለሚለኝ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተኩስ ሜዳ ወሰደኝና ባለ 12 ጌጅ ሾትጋን አስታቀፈኝ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አጥብቄ እንድይዝ እንኳ አልነገረኝም። ስተኩስ ሰደፉ መልሶ መታኝ፤ ትከሻዬ ሁለት ሳምንት ጠቁሮ ከረመ። እሱና ጓደኞቹ በስልክ ቀርጸውኝ ሳቁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ መሣሪያ አልነካሁም። ዛሬም በየተኩስ ቦታው ይህንኑ አያለሁ፤ ቀጭን ልጅ እጅ ላይ ትልቅ ሽጉጥ ያስይዙና ስልካቸውን ደግነው ይጠብቃሉ። ይህ በደል ነው። ከመጎዳቱም በላይ፣ ያ ሰው በመጀመሪያ ቀኑ የተማረው ፍርሃት ለዓመታት ከእጁ አይወጣም።

ለጀማሪ የሚሆነው ባለ 22 ካሊበር ጠመንጃ ነው። ጥይቷ ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሠራ፣ 5.6 ሚሊ ሜትር ስፋትና 2.6 ግራም ገደማ ክብደት ያላት ትንሽ ነገር ናት፤ ዋጋዋም ርካሽ ነው። ስትተኮስ ትከሻ ላይ እምብዛም አትሰማም። ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ግን አይገባም፤ ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ልትሄድ ትችላለች። ስለዚህ ከዒላማው ወረቀት ኋላ ምን እንዳለ ማወቅ ዒላማውን ከማየት ይቀድማል።

ከእህቴ ልጅ ጋር ትምህርቱን የጀመርነው ሳሎን ውስጥ፣ በመጥረጊያ እጀታ ነው። ተኩስ ቦታ ከገቡ በኋላ ጆሮ ይደፈናል፣ ልብ ይመታል፤ ጀማሪ ያን ጊዜ የሚነገረውን አይሰማም። መናገር የሚገባ ነገር ካለ በዋዜማው ነው። ጄፍ ኩፐር የሚባለው አሜሪካዊ አሠልጣኝ ካስፋፋቸው አራት ሕጎች እኔ አጥብቄ የያዝኩት ሁለቱን ነው፤ አፈሙዝ ልታጠፋው ወደማትፈልገው ነገር አይዙር፣ ዒላማው ላይ እስክታነጣጥር ድረስ ጣት ቃታ አይንካ። መጥረጊያውን ይዛ ስትዘዋወር ቡናው እስኪፈላ ድረስ ምናልባት ሃያ ጊዜ «አሁን አፈሙዙ ወዴት ነው?» አልኳት። መጀመሪያ ላይ ወደ ቴሌቪዥኑም፣ ወደ እኔም፣ ወደ ገዛ እግሯም ዞረ። ሦስተኛው ቡና ላይ ሳልጠይቃት ራሷ ማረም ጀመረች።

እዚያው ሳሎን ሌላ ነገር አገኘን። ሁለት እጇን ዘርግታ በመዳፎቿ መሐል ትንሽ ቀዳዳ ሠርታ፣ በዚያች ቀዳዳ የግድግዳውን ሰዓት እንድታይ አደረግኳት፤ ከዚያ ዓይኖቿን ተራ በተራ ጨፈነች። ግራ ዓይኗን ስትጨፍን ሰዓቱ ጠፋ። ቀኝ እጇን የምትጠቀም፣ የሚመራት ዓይኗ ግን ግራው የሆነ ልጅ ናት። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዱ ይህንን ሳያውቅ ዓመታት ይተኩሳል፣ ጥይቱ ለምን እንደሚስት ግራ እንደገባው ይኖራል። መፍትሔው ጠመንጃውን ወደ ግራ ትከሻ ማዞር ነው። «በግራ እጄ እርሳስ እንኳ ይዤ አላውቅም» አለችኝ። የሃንጋሪያዊውን የካሮይ ታካችን ታሪክ ነገርኳት። ወታደር ነበር፤ በ1938 እ.ኤ.አ. የሚተኩስበትን ቀኝ እጁን የእጅ ቦምብ አበላሸበት። በግራው መተኮስ ከሥር ተማረና በ1948 ለንደን፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በሽጉጥ ተኩስ የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደ። እሱ የተማረው ተገድዶ ነው፤ እሷ ገና ምንም ያልለመደች ጀማሪ በመሆኗ የምትረሳው የለም።

ስለ ሕግ አንድ ነገር፤ የኛ ሰው ብዙ ጊዜ ስለማያውቀው ነው። የእህቴ ልጅ ግሪን ካርድ አላት። በጎብኝ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልተሟሉለት በቀር፣ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሣሪያም ጥይትም መያዝ አይችልም፤ የኪራይ ቢሆንም፣ ለአምስት ደቂቃ ቢሆንም። ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ለማስደሰት ብላችሁ ተኩስ ቦታ እንዳትወስዱት። አገር ቤትም ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ በዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ደረስን። አንገቱ የተዘጋ ሹራብ እንድትለብስ ነግሬያት ነበር። ከጠመንጃ የሚወጣው ቀለህ ትኩስ ነው፤ ደረት ውስጥ ከገባ ሰው ይዘልላል፣ መሣሪያውን እንደያዘም ይዞራል። ለአለባበስ መጨነቄ ለዚህ ነው። ጆሮዋን በድርብ ሸፈንን፤ ከውስጥ ስፖንጅ፣ ከላይ ትልቁን መከላከያ። የተኩስ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ እንዲህ ያለ ድምፅ አንዴ እንኳ ቢሰሙት ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል።

ጎረቤት መስመር ላይ ያለው ሰው ሲተኩስ ፊቷን አየሁ። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ፣ ዓይኗ ረጠበ። ምንም ሳልጠይቃት ይዣት ወጣሁ። ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ውኃ ጠጣች። «ጎንደር መሰለኝ» አለች። ወደ ቤት እንሂድ አልኳት፣ ከልቤ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ቆየችና «አይ፣ እንመለስ፤ እኔ ስተኩስ ምን እንደሚመስል ልወቀው» አለች። ውሳኔው የሷ መሆን ነበረበት። ተኩስን ከጦርነት ጋር የሚያውቅ ሰው «ለመድ አድርጊው» ተብሎ የሚገፋ አይደለም።

ከዚያ ተመልሰን ባለ 22ቱን ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ አጎረስነው። ቋንቋችን ጠመንጃን ማጉረስ ማለቱ ደስ ይለኛል፤ በልክ የሚደረግ ነገር ነውና። አንድ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ጀማሪ የመጀመሪያዋን ከተኮሰ በኋላ በደስታም ይሁን በድንጋጤ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጠመንጃው ውስጥ ሁለተኛ ጥይት ካለ አፈሙዙ የሚዞረው ወደ ሰው ነው። በሽጉጥ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ እጅን አንቀጥቅጦ ሳይታሰብ ሁለተኛው ሊተኮስ ይችላል።

ወረቀቱን 7 ሜትር ላይ ሰቀልንላት፤ በመጀመሪያ ቀን መሳት አያስተምርም። ዓይን በአንድ ጊዜ አንድ ርቀት ብቻ ነው አጥርቶ የሚያየው፤ ስለዚህ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን ማነጣጠሪያ አጥርታ፣ ወረቀቱን ደብዘዝ አድርጋ እንድታይ ነገርኳት። ትንፋሿን ለቀቀች፤ ቀጣዩን ሳትስብ ባለችው ፋታ ቃታውን ቀስ እያለች ጫነችው። ከመሐሉ አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ተበሳ።

ከአራተኛው በኋላ ጥይቶቹ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። ድምፁን ቀድሞ መጠበቅ ነው፤ እጅ ሳያውቅ አፈሙዙን ይደፋዋል። ሳልነግራት ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት አጎረስኩላት። ቃታውን ስትስብ ምንም አልጮኸም፣ አፈሙዙ ግን ጎንበስ ሲል በዓይኗ አየችው። እኔ መቶ ጊዜ ብነግራት የማይገባትን በዚያች ዝምታ ተረዳችው። የሚቀጥሉት ሦስቱ አንድ ሳንቲም በማይሞላ ቦታ ላይ አረፉ።

ዒላማ ተኩስ የዘመኑ አሜሪካውያን ያመጡት ፋሽን የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አቴንስ ላይ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ሲከፈት፣ ከዐድዋ ድል አንድ ወር ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ከስፖርቶቹ አንዱ ተኩስ ነበር። ዛሬ በ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የመሐሏ የዐሥር ነጥብ ስፋት ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። እዚያ የሚደርሰው የልቡን ምት ማረጋጋት የቻለ ነው፤ ጉልበትም ፉከራም አይጠቅመውም።

ሃያ ጥይት ተኩሳ በቃኝ አለች። እጃችንን በሳሙና ታጥበን ወጣን፤ ከጥይት የሚወጣ እርሳስ ይመርዛልና ሳይታጠቡ መብላት አይገባም። መሣሪያ መግዛት አትፈልግም፤ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ትንሽ ልጅ አላት፣ እኔም ደግፌያታለሁ። በኪራይ መተኮስ ይቻላል። ማታ ለእናቷ የበሳችውን ወረቀት ፎቶ ላከችላት።

በሚመጣው ቅዳሜ ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ትልቁን ጠመንጃ ቤት ቆልፋችሁ፣ ስልካችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ግቡ። አጠገቡ ቁሙ፣ ፊቱን እዩ፤ እንውጣ ሲላችሁ ለምን ሳትሉ ውጡ።