በርሜሉን ዝገት ከመቀባታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ የሠራውን ዳዮራማ ፎቶ በኢንቦክስ ላከልኝ። (ዳዮራማ ለማታውቁት፣ አንድን ቦታ ከነዕቃው አሳንሶ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ነው።) የሱ የአዲስ አበባ ግቢ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ የልብስ ገመድ፣ ከአሸንዳው ሥር ሁለት የውሃ በርሜሎች፤ ሁሉም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሱ። «ቲቸር፣ እስቲ ይዩትና ያለ ይሉኝታ ይንገሩኝ» ይላል።

እጁ ግሩም ነው። አጥሩን ሳየው ከኋላው ውሻ የሚጮህብኝ ነው የመሰለኝ። በርሜሎቹ ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። ከአናት እስከ እግራቸው ዝገት ብቻ ናቸው።

«ምነው እንዲህ ዛጉ?» አልኩት።

«ዩቲዩብ ላይ እንደዚህ ነው የሚሠሩት። ደሞ የድሃ ግቢ ነው እኮ ቲቸር» አለኝ።

አስፈቅጄው ነው የምጽፈው። ይህን ያጻፈችኝም ያቺ «ደሞ» ናት።

እኔ ያደግኩበት ግቢ ውስጥ አንዲት በርሜል ነበረች። ቧንቧ የሚመጣው በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ስለሆነ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ በላይ የምትጠበቀው እሷ ነበረች። ከሥሯ ሦስት ድንጋይ፣ ከላይዋ የጣውላ ክዳን። ለእንቁጣጣሽ በርና መስኮት ሲቀባ እናቴ የተረፈውን ቀለም ለበርሜሏ ታደርግላት ነበር። አረንጓዴው ላጥ ሲል የዓምናው ሰማያዊ ይታያል፤ ከሰማያዊው ሥር በነዳጅ ዘመኗ የነበራት ቀይ አለ። ዝገቱ የሚገኘው ከዚያ ሁሉ ሥር ነው፣ እሱም የጥፍር ያህል።

ድሃ ነበርን። በርሜላችን ግን አልዛገችም። የዛገ በርሜል ያንጠባጥባል፤ ድሃ ደሞ ለማንጠባጠብ የሚተርፍ ውሃ የለውም።

አቋሜ ይኸው ነው። ሞዴል ላይ ዝገት ስትቀቡ ስለ ባለቤቱ እየመሰከራችሁ ነው። ስለዚህ አይታችሁ መስክሩ። ድህነትን ለማሳየት ሁሉን ነገር ማዝረክረክ ድሃን አለማየት ነው።

እስቲ በርሜልን እንየው። የተለመደው ባለ 200 ሊትሩ ቁመቱ 88 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በ35 ሲካፈል 2.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ለሞዴሉ ዕቃ አጣሁ እንዳትሉኝ፣ ያለቀ የዋይትቦርድ ማርከር ውፍረቱ ለዚህ በጣም የቀረበ ነው። ቆርጣችሁ በቀጭን ሽቦ ሁለት ቀለበት አዙሩበት።

ቀለበቶቹ የተሠሩት በርሜሉን ለማንከባለል ነው። ስለዚህ ቀለም ቀድሞ የሚለቀው እዚያ ላይ ነው። በርሜሉ ሥራ ላይ ካለ የተፋቀው ብረት ያብለጨልጫል፣ ለመዛግ ጊዜ የለውም። ብርቱካናማ የሚሆነው ሲቀመጥ ነው።

ቆሞ የተቀመጠ የነዳጅ በርሜል አናቱ ላይ ዝናብ ያቁራል፤ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። ቀን በፀሐይ ግሎ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደሞ ያንን ውሃ በመክፈቻው በኩል ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ መጋዘን ጠባቂ በርሜሉን በጎኑ የሚያስተኛው ለዚህ ነው። ጠንቃቃ ሰው የሚሠራበትን መጋዘን ለማሳየት ዝገት መቀነስ ብቻ ሳይሆን በርሜሎቹን ማስተኛት በቂ ነው፤ የገባው ይገባዋል።

መክፈቻው አካባቢ የፈሰሰ ናፍጣ ወይም ዘይት ብረቱን ከዝገት ይከላከላል፣ አቧራ ግን ይሰበስባል። እዚያ የሚቀባው ጥቁር ቅባታም እድፍ ነው። የታችኛው ጠርዝ እርጥብ መሬት ላይ ከዋለ ይበላል፤ የእናቴ ሦስት ድንጋዮች ሥራቸው ይሄ ነበር።

እንዴት ይቀባል ላላችሁ፦ መጀመሪያ የዝገት ቀለም፣ ሲደርቅ የጸጉር ስፕሬይ፣ ከዚያ የበርሜሉ ቀለም በአክሪሊክ። ትንሽ ቆይታችሁ በውሃ በራሰ ብሩሽ አሸት አሸት ስታደርጉት የላዩ ይላጥና የታቹ ብቅ ይላል። የእኛን በርሜል ለመሥራት ይህን ሦስቴ መድገም ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። እጃችሁን ግን ቆጥቡ። ሞዴሉ ላይ 1 ሚሊሜትር የሆነች ጭረት በእውነተኛው በርሜል 3.5 ሴንቲሜትር ናት። አሥሯን ስትደረድሩ በርሜል ሳይሆን ቁስለኛ ነው የሠራችሁት።

«ጥበብ ነው፣ ማጋነን ይፈቀዳል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት አለው። 2.5 ሴንቲሜትር የምታክል ነገር ላይ ቀለሙ ትንሽ ካልጠነከረ ከሩቅ አይታይም። አጠንክሩት፣ ችግር የለም፤ ግን ዝገቱ መኖር በሚገባው ቦታ ላይ አጠንክሩት። የምትሠሩት የተተወ ቦታ ከሆነም ከላይ እስከ ታች ዝገት ልክ ነው፣ መተው ማለት ያ ነውና። ሰው የሚኖርበት ግቢ ግን ሌላ ነው። እኛ አገር ያረጀ በርሜል እንኳ ዝም ብሎ ዝጎ አይቆምም፤ ምናለሽ ተራ ደርሶ፣ ተቆርጦ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኖ ይመለሳል።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልዘበዘብኩትም። «በርሜሉ የማን ነው?» ብቻ ነው ያልኩት። ዝም አለኝ። ተቀየመ ብዬ ፈርቼ ነበር።

ትናንት ማታ መለሰልኝ። «ቲቸር፣ አያቴን ጠየቅኳት። የኛ ሰማያዊ ነበረች። አያቴ ራሷ ነበረች የምትቀባት።»

የእናንተስ ግቢ በርሜል ምን ቀለም ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ ለልጁ አሳየዋለሁ።