መከባበር ሌላ፣ መፈረም ሌላ

አሜሪካ ያለው ሐበሻ እናቱ ከአዲስ አበባ ስትነሳ በስልክ የሚሰጣት ምክር አለ፦ «እማዬ፣ የጠየቁሽን ሁሉ መልሺላቸው፤ ፈርሚ ካሉሽም ፈርሚ፤ ብቻ አታስቆጪያቸው።» ከፍቅር የመጣ ምክር ነው። ግሪን ካርድ የሚያሳጣ ምክርም ነው።

በዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሲያርፍ ከሚወርዱት መካከል ልጆቻቸው ግሪን ካርድ ያስገኙላቸው አዛውንቶች አይጠፉም። ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለቤት ጉዳይ ሄደው ስድስት ወር አልፏቸዋል። ከ180 ቀን በላይ ውጭ የቆየን ባለ ግሪን ካርድ ደግሞ ሕጉ እንደ አዲስ ገቢ እንዲመረመር ይፈቅዳል። የድንበር መኮንኑ ወደ ሌላ ክፍል ወስዶ የት እንደሚኖሩ ሲጠይቃቸው፣ ወልደው ያሳደጉበትን ግቢ አስበው «ቤቴማ አዲስ አበባ ነው፤ ልጆቼን ልጠይቅ መጣሁ» ይላሉ። ያን ጊዜ አይ-407 የሚባል የእንግሊዝኛ ቅጽ ሊቀርብላቸው ይችላል። ቅጹ ቋሚ ነዋሪነቴን በፈቃዴ ትቻለሁ የሚል ነው።

በፈቃዴ! እንግዲህ ያላነበቡትን፣ ቢያነቡትም የማይገባቸውን ወረቀት በአክብሮት ይፈርማሉ።

ይህን ቅጽ የመፈረም ግዴታ የለም። ያልፈረመን ሰው ነዋሪነቱን ትቷል ማለት የሚፈልግ መንግሥት ጉዳዩን ለኢሚግሬሽን ዳኛ ማቅረብና ማስረዳት አለበት። የማስረዳት ሸክሙ የእናትየው አይደለም። የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥም ቋሚ ነዋሪ ናቸው። መንገዱ ቀላል ነው አልልም፤ ሊታሰሩ ይችላሉ፣ ለጠበቃ የሚከፍሉትም ራሳቸው ናቸው። በዚያ የምርመራ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጠበቃ ይግባልኝ ማለት አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስለዚህ ነው ምክሩ ከበረራው በፊት መታረም ያለበት።

ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ያደግን፣ በደርግ ዘመን ለጠያቂ ዝም ማለት ምን እንደሚያስከትል ያየን ሰዎች ነን። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግን በራስ ላይ ያለመመስከርን መብት የሰጠው ለዜጋ ብቻ አይደለም፤ ለማንኛውም ሰው ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው ውጭ የቤት በርም እንዲሁ የሕግ ጥበቃ አለው። በአይስ (በኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት) ሹም ብቻ የተፈረመ ወረቀት የዳኛ ማዘዣ አይደለም፤ በሩን ሳትከፍቱ በመስኮት ወይም በበሩ ሥር እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። በኃይል ቢገቡ አትታገሉ፤ «አልፈቀድኩም» በሉ።

«የሚደብቀው የሌለው ሰው ለምን ዝም ይላል?» የሚሉ አሉ። ዝምታ ውሸት አይደለም። ውሸት ግን ፈጽሞ አይነገር፤ ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ከ1996 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ የአሜሪካን በር ዕድሜ ልክ ሊዘጋ ይችላል። ሐሰተኛ ወረቀት ማሳየትም እንደዚሁ መዘዙ ብዙ ነው።

እንግዲህ ልጆች፣ እናታችሁ ረጅም ጊዜ የሚቆዩ ከሆነ ከአሜሪካ ሳይወጡ ሪኢንትሪ ፐርሚት (የመመለሻ ፈቃድ) አመልክቱላቸው። የቤታቸውን አድራሻ፣ የታክስ ወረቀታቸውን፣ የጠበቃ ስልክ በቦርሳቸው አኑሩላቸው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ይህን አስጠኗቸው፦ «አልፈርምም። የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ጉዳዬን ዳኛ ይየው።»